የጓሮ ፍየል ቀለብ

«ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» ሲሉ አበው የተረቱት ችኩልን ሰው ለመንቀፍ መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ተረቱን ከነቀፌታው ነጥለን በቁሙ የተመለከትነው እንደሆነ፣ ስለ ፍየል ተፈጥሮ ከተነገረው ሁሉ ይልቅ እውነተኛው ቃል እርሱ ሆኖ እናገኘዋለን። ፍየል ቅጠል በጣሽ ናት። በግ አቀርቅራ ሣር ስትግጥ ትውላለች፤ ፍየል ግን አንገቷን ወደ ላይ ሰብቃ፣ ሲያስፈልግም በኋላ እግሮቿ ቆማ፣ ከቁጥቋጦውና ከዛፉ ላይ ለስላሳውን እየመረጠች ትቀነጥባለች። ከዚህ ተፈጥሮዋ አውጥተን በግቢያችን ጥግ ካሰርናት በኋላ ምን እንደምናበላት ግን ብዙዎቻችን ተቀምጠን አስበንበት አናውቅም። የተረፈ እንጀራ፣ የደረቀ ዳቦ፣ አንድ ጣሳ ፉሩሽካ፣ ሲገኝም አንድ ቁና እህል እንሰጣታለን፤ ወፈረች ብለንም ደስ ይለናል። በዚህ ጽሑፍ ለከተማው ነዋሪና በየሰፈሩ ለበዓል ሙክት ለሚቀልበው ወታደር ልናስረዳ የምንሞክረው፣ ይህ ደስታችን ስለምን ብዙ ጊዜ በሐዘን እንደሚፈጸም ነው።

ለአብነት ያህል ድሬዳዋን እንውሰድ። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሞቃት ሜዳ የተቆረቆረች በመሆኗ፣ ለላም የሚሆን ለምለም መስክ በዙሪያዋ እምብዛም የለም። ስለሆነም የድሀው ላም ፍየል ናት። ማለዳ ከየግቢው የሚለቀቁት ፍየሎች የቀፊራን ገበያ ጓሮ አካለው፣ የደቻቱን አሸዋ ተሻግረው፣ የግራር ጥላ ከግራር ጥላ እየለዋወጡ ይውላሉ፤ ሲመሽም ማንም ሳይነዳቸው እያንዳንዳቸው በየደጃቸው ይቆማሉ። ይህን መልክ በሐረርም ሆነ በጅግጅጋ፣ ከድንበር ማዶ በጅቡቲም ሆነ በሐርጌሳ የሚያየው ሁሉ ያውቀዋል። እንዲህ ዘውራ የምትበላ ፍየል ሆዷን በራሷ ጥበብ ስለምትመራ ብዙም አያሰጋትም። የሚያሰጋት ታስራ የምትቀለበዋ ናት፤ ለእርሷ መራጩ እኛ ነንና።

ነገሩን ከራሳችን ስሕተት እንጀምር። በ1979 ዓ.ም. በአንድ የጦር ሰፈር ስናገለግል፣ ከጥምቀት ማግስት ገንዘብ አዋጥተን ለፋሲካ የሚሆኑ ሦስት ሙክቶች ገዛን። ጾሙ ረጅም ነው፤ እስከ ትንሣኤው ሙሉ ሦስት ወር ነበረን። ከወፍጮ ቤት ፉሩሽካ በጆንያ አስመጣን። ከወጥ ቤት የሚተርፈው ዳቦ ተጨመረበት። ሙክቶቹ በሁለት ወር ውስጥ ጀርባቸው እንደ ጠረጴዛ ተዘረጋ። ከሦስቱ ትልቁን፣ ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬውን፣ ጓዶቻችን በማዕረግ ስም ይጠሩት ነበር፤ ማዕረጉን እዚህ አንጠቅሰውም።

ከሆሣዕና በፊት በዋለው ሐሙስ ጠዋት ያ ሙክት ቀለቡን ሳይቀምስ ቀረ። ጅራቱን ያወራጫል፤ የኋላ እግሮቹን ፈርክሶ ወገቡን ጎበጥ አድርጎ ያምጣል፤ ጥርሱን ያፋጫል፤ አልፎ አልፎም እንደ ሕፃን ይጮኻል። እኛ «ሆዱ ድርቅ ብሎበት ነው» ብለን ዘይት አጠጣነው። በማግስቱ ሆዱ ከሥር ተነፋ፤ ማታውን ሞተ። ከከተማ የተጠራው የእንስሳት ጤና ረዳት ሬሳውን ሲከፍተው ፊኛው ፈንድቶ ሽንቱ በሆዱ ውስጥ ፈስሶ ተገኘ። ከሽንት ቧንቧው ላይም እንደ ደቃቅ አሸዋ ያለ ነገር በጣቱ እያሻሸ አሳየን። «ይህንን ያበላችሁት እናንተ ናችሁ» አለን። ቃሉ ቅር አሰኝቶን ነበር፤ እውነቱን ለመረዳት ግን ጊዜ አልወሰደብንም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ፉሩሽካ የስንዴ ገለፈት እንደ መሆኑ ፎስፈረስ የተባለው ንጥረ ነገር በብዛት ይገኝበታል፤ ካልሲየም ግን እጅግ ጥቂት ነው። ለእንስሳው አካል የሚስማማው ካልሲየሙ የፎስፈረሱ እጥፍ ያህል ሲሆን ነው፤ በፉሩሽካ ውስጥ ግን ሚዛኑ ተገልብጦ ፎስፈረሱ ካልሲየሙን በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። አካል የማይፈልገው ትርፍ ፎስፈረስ በሽንት በኩል ሲወጣ ከሌሎች ማዕድናት ጋር እየተጣበቀ አሸዋ፣ ቀጥሎም ጠጠር ይሠራል። እንስቲቱ ፍየል የሽንት ቧንቧዋ አጭርና ሰፊ ስለሆነ ጠጠሩ ተንሸራቶ ይወጣላታል። የወንዱ ቧንቧ ግን ረጅም ነው፤ በመካከሉ እንደ እባብ ይጠማዘዛል፤ ጫፉም ላይ እንደ ክር የቀጠነ ነው። በጨቅላነቱ የተኮላሸ ጠቦት ደግሞ ቧንቧው በሚገባ ሳይሰፋ ስለሚቀር አደጋው በእርሱ ላይ ይበረታል። ስለዚህ እኛ በመልካም አሳብ ያቀረብነው ቀለብ ሁሉ በሙክቱ ላይ የተዘጋጀ ወጥመድ ነበር ለማለት ይቻላል።

ይህንን የጻፍነው ፉሩሽካን ለማስወገዝ አይደለም። ፉሩሽካ በልክ ሲሰጥ ርካሽና ጠቃሚ መኖ ነው። ብቻውን ቀለብ ሲሆን ነው ጥፋቱ። ለወንድ ፍየል ፉሩሽካ የሚሰጥ ሰው ከጎኑ ካልሲየም ያለበትን ቅጠላ ቅጠል ሊያቀርብለት ይገባል፤ አልፋልፋ፣ የባቄላና የአተር ገለባ፣ የአደንጓሬ ሐረግ፣ ይልቁንም በሐረርጌ ለምንኖር ከባቢሌና ከአካባቢው የሚመጣው የኦቾሎኒ ሐረግ ለዚህ አንደኛ ነው። በድብልቁ ውስጥ የኖራ ድንጋይ ዱቄት በጥቂቱ፣ ይኸውም በ1 ኪሎ ከ10 እስከ 20 ግራም ቢጨመር ሚዛኑን ያቃናል። ለግድግዳ የሚቀባው የተቃጠለ ኖራ ግን አፍና ጉሮሮ ያቃጥላልና በፍጹም አይደለም። ጨውም እንደዚሁ በዚያው መጠን ቢገባ እንስሳውን ስለሚያስጠማው ብዙ ውኃ ይጠጣል፤ ብዙ ውኃ የጠጣ ፍየል ሽንቱ ቀጥኖ አሸዋው ሳይከማች ይታጠባል። ጠቦቱንም ለማኮላሸት አለመቸኮል፣ ቢያንስ ጥቂት ወራት ማቆየት ይበጃል። ከላይ የገለጽናቸውን ምልክቶች ያየ ሰው ደግሞ እንደ እኛ ዘይት ይዞ አይሩጥ፤ በዚያው ሰዓት የእንስሳት ሐኪም ይጥራ። ጠጠሩ ጫፉ ላይ ከተሰነቀረ ሐኪሙ ያንን ክር የመሰለ ጫፍ በመቁረጥ ብቻ እንስሳውን የሚያድንበት ጊዜ አለ።

ከሽንት ጠጠር ይልቅ ፈጥኖ የሚገድል ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም እህል ነው። ይህን ለመረዳት ስለ ፍየል ሆድ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። የፍየል ሆድ አራት ክፍል አለው። ከሁሉ የሚሰፋው ከርሷ እንደ አንድ የመፍላት ጋን ነው፤ በውስጡ በዓይን የማይታዩ እልፍ አእላፍ ሕዋሳት ይኖራሉ። ቅጠሉንና ገለባውን የሚፈጩት እነዚሁ ናቸው፤ ፍየሏ የምትኖረው እነርሱ በሚሠሩት ነው። ስታመሰኳ የምናያትም የዋጠችውን መልሳ እያላመች ለእነዚህ ሠራተኞች ስታዘጋጅላቸው ነው። ቀስ ብሎ የሚፈጨውን ቅጠል የለመዱ ሕዋሳት ላይ በድንገት አንድ ቁና ስንዴ፣ በቆሎ ወይም የዳቦ ክምር ሲወርድ፣ ስታርቹ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ወደ አሲድነት ይለወጣል። ጋኑ ይኮመጥጣል፤ ሠራተኞቹ ያልቃሉ። ፍየሏ ማመስኳቷን ታቆማለች፤ ሆዷ ይወጠራል፤ የሚሸት ቀጭን ተቅማጥ ይይዛታል፤ አብዝታ ትጠማለች፤ በመጨረሻም ትተኛለች። የእህል ጆንያ የተቀመጠበት ጎተራ በር ሳይዘጋ ባደረ ማግስት አያሌ ፍየሎች የሞቱት በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህም ሌላ፣ በስታርች ብዛት የሚባባስ የአንጀት መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚገድለው ከመንጋው ሁሉ ደልደል ያለውን ግልገል ነው። ሰውም «ዓይን በላው» ይላል። ለዚህ በሽታ ክትባት ስላለ ሐኪም መጠየቅ ይገባል።

እንግዲህ ምን ያህል ይበቃታል? በአካባቢያችን በየግቢው የምትገኘው መካከለኛ ፍየል 25 ኪሎ ያህል ትመዝናለች እንበል። በቀን የሚያስፈልጋት ደረቅ መኖ ከክብደቷ ከመቶው ከ3 እስከ 4 እጅ ያህል ነው፤ ይህም ወደ 900 ግራም ይሆናል። የምታጠባ እንደሆነች ከዚህም በላይ ትሻለች። ለምለም ቅጠል አብዛኛው ውኃ ስለሆነ፣ በርሱ ብቻ የምትቀለብ ከሆነ 4 ኪሎ ያህል እርጥብ ቅጠል መቁረጥ ግድ ነው፤ ሰው «አንድ እቅፍ ሰጥቻታለሁ» ሲል ብዙ ጊዜ የሰጣት የግማሹን ግማሽ ነው። ከዚህ ቀለብ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው ቅጠል፣ ድርቆሽ ወይም የጥራጥሬ ገለባ መሆን አለበት። ፉሩሽካና ፋጉሎ ተቀላቅለው የሚሰጡት ለሚደልብ ሙክት እንኳ ከ300 ግራም ባይበልጡ መልካም ነው። ይህንንም በአንድ ቀን ሳይሆን፣ ከ50 ግራም ጀምሮ በየሁለት ሦስት ቀኑ እየጨመሩ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ማድረስ ያስፈልጋል፤ በከርሷ ያሉት ሠራተኞች አዲሱን ሥራ የሚለምዱት በዚህ ያህል ጊዜ ነውና። ፋጉሎው የኑግ ቢሆን እጅግ ጥሩ የሥጋና የወተት መሥሪያ ነው። የኦቾሎኒ ፋጉሎ ደግሞ ሻጋታ እንዳልነካው በሚገባ ሳይታይ አይገዛ፤ በኦቾሎኒ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ ጉበት የሚያበላሽ መርዝ አለው፤ መርዙም በወተት በኩል ወደ ሰው ይተላለፋል።

አቀራረቡም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ፍየል በሆዷ ትታማለች እንጂ እጅግ ጽዱ እንስሳ ናት፤ የተረገጠ፣ ሽንት የነካው መኖ አሽትታ ትተወዋለች። መሬት ላይ የተበተነ ድርቆሽ ግማሹ ፍግ ሆኖ የሚቀረው ስለዚህ ነው። ቅጠሉን በጭብጥ አስሮ በራሷ ቁመት ልክ ከግድግዳ ወይም ከዛፍ ቅርንጫፍ ላይ መስቀል ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ እንደ ተፈጥሮዋ ቀና ብላ ትበጥሳለች፤ ሁለተኛ፣ የሆድ ትል እጭ በብዛት የሚገኘው ከመሬት አጠገብ ባለው እርጥብ ሣር ላይ ስለሆነ ከዚያ ትጠበቃለች።

በከተማ ውስጥ ይህን ሁሉ ቅጠል ከየት እናምጣ የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን። በድሬዳዋና በሐረር ለዚህ ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ገረባ ነው። ጫት ተቅሞ የሚቀረው ጎልማሳ ቅጠልና እንጨቱ በየበረንዳው፣ በየሱቁ ደጅ ተከምሮ ያድራል፤ ማለዳ ፍየሎች ያነሡታል። ከተማውን ያለ ደመወዝ የሚያጸዱት እነርሱ ናቸው ብንል ማጋነን አይሆንም። ገረባ ሲሰጥ ግን ሁለት ነገር ልብ ማለት ይገባል። ብዙ ገበሬዎች ጫቱን የተባይ መድኃኒት ስለሚረጩት፣ በተለይ የምትታለብ ፍየል ካለች ገረባውን በውኃ ማጠብና ከሌላ መኖ ጋር ማፈራረቅ ይበጃል። ደግሞም ቅጠሉ አፍ የሚያጨማድድ ታኒን የተባለ ነገር ስላለው ብቻውን ከተበላ ሆድ ያደርቃል። ዕለት ዕለት ከቀለቧ ሲሶውን ቢይዝ ይበቃዋል እንላለን።

ሁለተኛው ግርቢያ ነው፤ ትግርኛ ተናጋሪዎች ሞሞና ይሉታል። የዚህ ዛፍ ጠባይ ከሌሎች ዛፎች ሁሉ የተለየ ነው። በክረምት ሌላው ሲለመልም እርሱ ቅጠሉን ያራግፋል፤ በበጋ ሌላው ሲደርቅ እርሱ አረንጓዴ ሆኖ ይቆማል፤ ፍሬውንም መኖ እጅግ በሚወደድበት ሰዓት ያወርደዋል። ልጆች ከሥሩ በጆንያ የሚለቅሙት ያ ጥምዝ፣ ወርቃማ ፍሬ ከብዙ ፉሩሽካ ይበልጣል። በየትምህርት ቤቱ ቅጥርና በየጦር ሰፈሩ አጥር ዳር ግርቢያ ቢተከል ጥቅሙ በአንድ ትውልድ የሚወሰን አይደለም።

የበለስ ቅጠልም እሾሁ በእሳት ነበልባል ከተለበለበ በኋላ ተቆራርጦ ሊሰጥ ይችላል፤ ከመቶው 90 እጁ ውኃ ስለሆነ በድርቅ ወቅት ጥምንም ይቆርጣል፤ ብቻውን ግን ያስቀምጣልና ከገለባ ጋር ይሁን። ከቀፊራ የሚወጣው የአትክልት ውዳቂም ያልሻገተ ከሆነ ጥሩ ነው። የጠላ አተላን በሚመለከት፣ ቀዝቅዞ፣ በዕለቱ፣ በጥቂቱ ብንሰጣት አይጎዳትም። ያደረና የኮመጠጠ ከሆነ ከላይ የነገርነውን የአሲድ ሕመም በእጃችን እናፋጥናለን።

ስለ ፕሮሶፒስ ጥቂት ማለት ሳይገባን አይቀርም። ከሌላ አህጉር መጥቶ በአፋር፣ በሶማሌና በድሬዳዋ ዙሪያ ሜዳውን የወረረው ይህ እሾሃማ ዛፍ ፍሬው ስኳር የበዛበት ስለሆነ ፍየሎች በጣም ይወዱታል። ፍሬው እንዳለ ሲበላ ግን ዘሩ ሳይፈጭ በበጠጣቸው ስለሚወጣ፣ ዛፉን ከሜዳ ወደ ሜዳ የሚዘሩት እነርሱው ይሆናሉ። ለብዙ ጊዜ ፍሬውን ብቻ የበላች ፍየል ደግሞ መንጋጋዋ እየደከመ፣ ጥርሷም እየተበላሸ ይሄዳል። በኬንያ የባሪንጎ አካባቢ ነዋሪዎች ዛፉ ባደረሰባቸው ጉዳት መንግሥታቸውን ከስሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ጥርሷ የረገፈ ፍየል በማስረጃነት ናይሮቢ ፍርድ ቤት ድረስ ይዘው ቀርበው ነበር። ከምስክሮች ሁሉ ይልቅ ያቺ ፍየል አፏን ስትከፍት ነገሩ ሳይገባቸው የቀሩ ዳኞች ነበሩ ብለን አንገምትም። ፍሬው ዘሩ እስኪደቅ ድረስ በሚገባ ተፈጭቶ ከሌላ መኖ ጋር በጥቂቱ ሲቀላቀል ግን ጠቃሚ ነው፤ የዛፉንም መዛመት ይገታል።

ፍየል መርዙን ራሷ ለይታ ታውቃለች የሚል እምነት በሕዝባችን ዘንድ አለ። ሜዳ ላይ ለምትውለዋ እውነትነት አለው። ታስራ የተራበች ግን ከፊቷ የቀረበላትን ሁሉ ትበላለች። ስለዚህ ከግቢ አበባ ማሳመሪያነት የሚተከለው ኦሊያንደር ጥቂት ቅጠሉ ልብ ያቆማል፤ የጉሎ ፍሬ ይገድላል፤ በየአጥሩ የሚበቅለው የወፍ ቆሎ ጉበት ያቆስላል፤ አረንጓዴ የሆነና ያቆጠቆጠ ድንችም አይጣልላት። ከሁሉ ይልቅ ለሐረርጌ ሰው የሚያስፈልገው ግን የማሽላ ነገር ነው። ከማሳ የተነቀለ፣ ቁመቱ ከጉልበት ያልዘለለ ወይም በድርቅ ጠውልጎ እንደገና ያቆጠቆጠ የማሽላ ቡቃያ ሳያናይድ የሚባለውን መርዝ ያመነጫል። ፍየሏ ከበላችው በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሿ ይፈጥናል፤ ትንገዳገዳለች፤ ትወድቃለች። አገዳው ካደገ፣ በሚገባም ታጭዶ በፀሐይ ከደረቀ በኋላ ይስጣት።

መርዝ ያልሆነ ገዳይም አለ፤ ፌስታል። የጨው ጣዕም የነካው፣ የምግብ ሽታ ያለበት የላስቲክ ከረጢት ፍየሏን ያታልላታል። በከርሷ ገብቶ አይፈጭም፤ አይወጣም፤ ሌላው እየተጨመረበት እንደ ኳስ ይጠቀለላል። እንዲህ ያለችው ፍየል ሆዷ ሞልቶ በረኃብ ትከሳለች። በቄራ ሲከፈቱ የሚታየውን ያየ ሰው ፌስታል ከመኪና መስኮት ለመወርወር እጁ ባላነሣ ነበር።

ስለ ሙክት ይህን ያህል ካልን ስለምትታለበዋ ዝም ልንል አይገባም፤ እንዲያውም ከሙክቱ ይልቅ የሚበልጠው ጉዳይ ይህ ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት ከዓለማያ የግብርና ዩኒቨርሲቲና ከግብርና ሚኒስቴር ጋር ሆኖ በሐረርጌ ደጋ ለችግረኛ ሴቶች ፍየል በማከፋፈል ወተት ወደየቤታቸው እንዲገባ የሞከረውን ብዙዎች ያስታውሱታል። አንግሎ ኑቢያን ከተባለው ዝርያ ጋር የተዳቀሉ ፍየሎችም መጥተው ነበር። ከዚያ ሥራ ለእኛ የሚጠቅመው ትምህርት ፍየሏን ከመስጠት ጎን ለጎን መኖው በጓሮና በእርከን ዳር መተከሉ ነው። ሰስባንያና ሉካኒያ ዛሬም በብዙ ሰው አጥር ላይ ይታያሉ። ሉካኒያ ከቀለቧ ሲሶ አይለፍ እንጂ፣ ሁለቱም ወተት የሚሰጡ ቅጠሎች ናቸው።

የምናውቃቸው አንዲት እናት በከተማው ዳር፣ ልጃቸው ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ስትሄድ ትታላቸው የሄደችውን የሁለት ዓመት ሕፃን ያሳድጋሉ። አንዲት አጭር ጆሮ ቀይ ፍየል አለቻቸው። ከወለደች በኋላ በቀን አንድ ብርጭቆ ብቻ ስትሰጣቸው «ወተት የላትም፤ ልሸጣት ነው» አሉን። ቀለቧን ስንጠይቃቸው ዳቦና አተላ ነበር። ውኃ? «ማታ ማታ» አሉ። በድሬዳዋ ሙቀት 25 ኪሎ የምትመዝን ፍየል በቀን ከ2 እስከ 4 ሊትር ትጠጣለች፤ የምታጠባ ስትሆን ከዚያም ትጨምራለች። ወተት ራሱ ይበልጡ ውኃ አይደለምን? ለእማማ ምንም የተለየ ጥበብ አልነገርናቸውም። ንጹሕ ውኃ ቀኑን ሙሉ ከፊቷ እንዳይጠፋ፣ የኦቾሎኒ ሐረግና የግርቢያ ፍሬ እንዲገዙ፣ ዳቦው ቀስ በቀስ ቀርቶ በምትኩ ሁለት ጭብጥ ፉሩሽካ ከአንድ ጭብጥ የኑግ ፋጉሎ ጋር በምትታለብበት ሰዓት እንዲሰጧት፣ የጨው ድንጋይም ከግድግዳው እንዲያስሩላት ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ብርጭቆው ሦስት ሆነ። ፍየሏ አልተሸጠችም።

እዚህ ላይ ሁለት ማሳሰቢያ ሳንናገር ማለፍ አንሻም። የፍየል ወተት ሳይፈላ አይጠጣ፤ ከፍየል ወደ ሰው የሚተላለፈው ብሩሴላ የተባለው የረጅም ጊዜ ትኩሳት የሚመጣው በጥሬው ወተት ነው። ዓመት ላልሞላው ሕፃንም የእናቱን ጡት የሚተካ አይደለም።

ያረገዘች ፍየል ጽንሷን የምትሸከመው አምስት ወር ነው። ግልገሉ በይበልጥ የሚያድገው በመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት ስለሆነ፣ ቀለቧ በዚያን ጊዜ ጥራት ሊጨመርለት ይገባል፤ ቀድሞ ማደለብ ግን ምጧን ያከብድባታል። ግልገሉም በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንገር መጥባት አለበት። «እንገር ያሳምመዋል» ብሎ አልቦ መድፋት ግልገሉን ከበሽታ መከላከያው ሁሉ መግፈፍ ነው።

ማደለብን ካነሣን ዘንድ፣ በምዕራብ አፍሪካ ከጊኒ ጠረፍ እስከ ካሜሩን ስለሚኖሩት ድንክ ፍየሎች አንድ ነገር እንጨምር። ቁመታቸው ከአንድ ሰው ጉልበት ብዙም አይዘልም፤ የገንዲን በሽታ ስለሚቋቋሙ ጸጸ ዝንብ ባለበት ጫካ ዳር ይኖራሉ፤ በአገራቸው የቤት አጥር ቅጠል፣ የካሳቫና የሙዝ ልጣጭ እየለቀሙ ጤነኞች ናቸው። ከእነርሱ ወገን ወደ አውሮጳ መካነ አራዊት፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ወደ አሜሪካ የተወሰዱት ዛሬ የልጆች መጫወቻ ሆነዋል። የባለቤቶቻቸው ዋና ሐሳብ ታዲያ ረኃብ ሳይሆን ውፍረት፣ የሽንት ጠጠርና የምጥ ጭንቅ ነው። ጎብኚው ሁሉ ብስኩትና ዳቦ ያጎርሳቸዋልና። ትንሽ ሆድ ላላት እንስሳ አንድ ጭብጥ እህል ትንሽ አይደለም። ከዚያ ሩቅ አገር የመጣው ምክርም ከላይ ያልነው ነው፤ ድርቆሽና ቅጠል በብዛት፣ እህል በጣት ቆንጥሮ።

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ቡራቡሬው ከሞተ በኋላ የቀሩት ሁለቱ ሙክቶች ፉሩሽካቸው ተቀንሶ የግራር ቅርንጫፍ ከአጥሩ ላይ ተሰቀለላቸው፤ የተራ ጠባቂውም ማታ ማታ ሁለት ባልዲ ውኃ እንዲሞላ በጽሑፍ ታዘዘ። ወጥ ቤቱ ዳቦውን ለማን እንደሚሰጥ ግራ ገብቶት ነበር። ሁለቱ ሙክቶች ለፋሲካ ደረሱ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ያ ሰፈር ሙክት ሲገዛ፣ ከመግዛቱ በፊት ቅጠሉ ከየት እንደሚመጣ ይጠየቅ ጀመር፤ በየማለዳውም ሙክቶቹ ሽንታቸው በደንብ መውረዱን የሚያይ አንድ ወታደር በተራ ይመደብ ነበር። በዚህ ምደባ የሳቁ ጓዶች አልጠፉም።